በስንዱ ጭንቅላት ውስጥ የታየው

ደሴ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ የኤምአርአይ ምስል የሚታይበት ጠባብ ክፍል፤ ከምሳ ሰዓት በፊት የምስል ባለሙያዋ ሐመልማል ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣለች፣ አጎቷ አቶ ጓንጉል ደግሞ የሚጥል በሽታ የያዛት የልጃቸውን የስንዱን ውጤት ይዘው በሩን ከውስጥ ዘግተው ቆመዋል።

ጓንጉል፦ አንዲት ቃል ናት፣ ሐመልማል። አንዲት ቃል ማውጣት ይህን ያህል ምን ይከብዳል?

ሐመልማል፦ ጋሼ፣ ወረቀቱን እኔ አልጻፍኩትም። እኔ ስንዱን ማሽኑ ውስጥ አስተኝቼ ጭንቅላቷን አነሣሁ። ምስሉን አይቶ የጻፈውም የፈረመውም ሐኪሙ ነው።

ጓንጉል፦ ኮምፒውተሩ ግን አንቺ ፊት ነው ያለው።

ሐመልማል፦ ታቦቱም ዲያቆኑ ፊት ነው ያለው። አይነካውም።

ጓንጉል፦ አፍሽ የእናትሽ ነው። እህቴም እንዲሁ ናት፤ ውሃ ስጪኝ ሲሏት ምንጩን ታሳያለች። እኔ ውሸት ጻፊ አልወጣኝም። አሳማ የሚለውን አውጪና ኮሶ በዪው። ትል እንደሆነ ያው ትል ነው። ኮሶ ማን ያፍርበታል? መኳንንቱን ይዟቸው ኖሯል፣ ካህናቱን ይዟቸው ኖሯል። እኔም አለብኝ። ምን ሆንኩ?

ሐመልማል፦ ኮሶ አለብዎት?

ጓንጉል፦ ኮሶ የሌለበት ወንድ ምኑን ሰው ቤት ተጋበዘ ይባላል? የእኔን ሆድ ተይውና ስሚኝ። ከሰዓት የስንዱ እናት አስካለ ትመጣለች። ይህን ወረቀት ለሰፈራችን አስተማሪ ታስነብበዋለች። አስተማሪው ለሚስቱ፣ ሚስቱ ለማኅበርተኞቿ። እስከ እሑድ ድረስ የጓንጉል ልጅ አሳማ በልታ አበደች ይባላል። ከእንግዲህ ከእሷ ጋር በአንድ ትሪ ማን ይቀርባል? ማንስ ያገባታል?

ሐመልማል፦ አላበደችም። የሚጥል በሽታ ነው።

ጓንጉል፦ ልዩነቱን ለሰፈራችን ንገሪው።

ሐመልማል፦ መጀመሪያ ለእርስዎ ልንገርዎት። ይቅረቡና ምስሉን ይዩት።

ጓንጉል፦ አላይም።

ሐመልማል፦ የልጅዎ ጭንቅላት ነው።

ጓንጉል፦ ለዚያ ነው የማላየው። የልጅ ጭንቅላት ከውጭ ይሳማል እንጂ እንደ ሽንኩርት ተከትፎ አይታይም።

ሐመልማል፦ ማንም አልከተፋትም። ማሽኑ በማግኔት ነው የሚያየው፤ ጸጉሯ እንኳ አልተነካም። ይኸው። ይህ ነጭ ክብ። ከጆሮዋ በላይ ደግሞ ይህ። ይህም። ሰባት ናቸው።

ጓንጉል፦ አተር ይመስላሉ።

ሐመልማል፦ አተር ያህላሉ። ውሃ የያዘ ከረጢት ነው። መሃሉ ላይ ነጥብ ትታይዎታለች?

ጓንጉል፦ ትታየኛለች።

ሐመልማል፦ የትሉ ራስ ናት።

ጓንጉል፦ ራስ አለው?

ሐመልማል፦ አለው።

ጓንጉል፦ በልጄ ራስ ውስጥ የራሱን ራስ ይዞ ተቀምጧል።

ሐመልማል፦ ይህኛው ገና ሕያው ነው፤ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ይህኛው ግን እየሞተ ነው። ዙሪያው ላይ ደመና የመሰለው እብጠት ነው። መሬት ላይ የሚጥላት እሱ ነው።

ጓንጉል፦ ዝጊው።

ሐመልማል፦ ገና አልጨረስኩም።

ጓንጉል፦ ዝጊው አልኩሽ። ስምንት ወር ሙሉ ክብሪት እየለኮስኩ አሸተትኳት። የሰፈሩ ሴቶች ቡዳ ነው አሉ። ደብተራው ጥላ አርፎባታል ብሎ ክታብ አሰረላት። የእኛ አስተማሪ ደግሞ ፈተና ፈርታ ነው አለ። ሁላችንም ከውጭ ስንደበድብ ጌታው ውስጥ ተኝቷል።

ሐመልማል፦ ማሽኑ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። መውደቁ አንድ ዓይነት ነው፣ የሚጥለው ግን ብዙ ነው። አንዱን የልጅነት ጠባሳ ይጥለዋል፣ አንዱን የመኪና አደጋ፣ አንዱን ዕጢ። ከውጭ ሲያዩት ሁሉም አረፋና መንቀጥቀጥ ነው። ስንዱን ሳስተኛት ዕጢ እንዳይሆን እየለመንኩ ነበር። ይህ ይድናል፣ ጋሼ።

ጓንጉል፦ ይድናላ። እኔስ ምን አልኩ? መድኃኒቱን ይዤ ነው የመጣሁት።

ሐመልማል፦ የምን መድኃኒት?

ጓንጉል፦ የኮሶ ክኒን። ታች ካለው ፋርማሲ ገዛሁት። አሁን ምሳ ሳይቀርብላት በባዶ ሆዷ ልሰጣት ነው። እስከ ነገ ጠርጎ ያወጣዋል።

ሐመልማል፦ ሰጥተዋታል?

ጓንጉል፦ ገና ነው።

ሐመልማል፦ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት።

ጓንጉል፦ ምነው?

ሐመልማል፦ ያስቀምጡት፣ እባክዎ።

ጓንጉል፦ ይኸው። እንደ ሌባ ኪሴን አስፈተሽሽኝ።

ሐመልማል፦ አንጀት ውስጥ ያለ ትል ሲሞት ሽንት ቤት ይወርዳል። እዚህ ውስጥ የሞተ በየት በኩል ይወጣል? አንዱ ብቻ ሲሞት ይህን ያህል አብጧል። ሰባቱ በአንድ ቀን ቢሞቱባት ጭንቅላቷ አይችለውም። ሐኪሙ እዚሁ አልጋ ላይ እንዳለች መጀመሪያ እብጠቱን የሚያስታግሰውን ይጀምርላታል። የትሉ መድኃኒት ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም እየተከታተላት።

ጓንጉል፦ ቢሰጣት ኖሮስ?

ሐመልማል፦ አልሰጧትም።

ጓንጉል፦ ውሃውን እኮ በብርጭቆ ቀድቼ አልጋዋ አጠገብ አስቀምጬ ነው የመጣሁት። ውሰጂው። ከዓይኔ አርቂልኝ።

ሐመልማል፦ መሳቢያው ውስጥ አስገባሁት።

ጓንጉል፦ ቆይ ግን። አንድ ነገር አልገባኝም። ስንዱ አሳማ አልበላችም። የት አግኝታ? እኛ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም ስሙን ሲጠራ ምራቁን ይተፋል። እንግዲህ ማሽናችሁ ተሳስቷል ማለት ነው።

ሐመልማል፦ ስንዱ አሳማ እንዳልበላች አውቃለሁ።

ጓንጉል፦ ይኸው፣ ራስሽ አልሽው።

ሐመልማል፦ ይህ ነገር አሳማ የበላ ሰው ጭንቅላት ውስጥ በቀጥታ አይገባም። መንገዱ ሌላ ነው።

ጓንጉል፦ ታዲያ አሳማው ምን አገባው?

ሐመልማል፦ የአሳማ ሥጋ ሳይበስል የቀመሰ ሰው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድግበታል። እንደ ኮሶ ነው፤ በዓይን አይለይም። ሰውዬው ምንም አይሆንም። ይበላል፣ ይሠራል፣ ይስቃል። ትሉ ግን እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ ከሰውዬው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል።

ጓንጉል፦ እሺ።

ሐመልማል፦ ሰውዬው እጁን በሳሙና ካልታጠበ ጥፍሩ ሥር ይቀራል።

ጓንጉል፦ እሺ።

ሐመልማል፦ በዚያ እጅ የተነካውን ሌላ ሰው ይበላዋል። እንቁላሉ ከዚያ ሰው ሆድ በደም ተጉዞ ጭንቅላት ይገባል። በስንዱ የሆነው ይህ ነው።

ጓንጉል፦ እንዴት ነው ነገሩ? ልጄ የሰው...

ሐመልማል፦ አዎ።

ጓንጉል፦ አልጨረስኩትም እኮ።

ሐመልማል፦ መጨረስ አያስፈልገውም።

ጓንጉል፦ ውሃ አለሽ? ተይው፣ ተይው። የማን እጅ እንደቀዳው አላውቅም።

ሐመልማል፦ እኔ ነኝ የቀዳሁት።

ጓንጉል፦ ቢሆንም ተይው። ምነው ዕጢ በሆነ። ዕጢ ሲባል እኮ ሰው ያዝናል። የሰው ኩስ ከበላች ልጅ ጋር ግን ማን ያለቅሳል? አፍንጫውን ይዞ ነው የሚጠይቃት።

ሐመልማል፦ ምነው ዕጢ በሆነ አይበሉ። ዕጢ የሆነባቸውን እኔ ነኝ የማነሣቸው።

ጓንጉል፦ ዘነቡ ናት።

ሐመልማል፦ ምኗ?

ጓንጉል፦ የእኛዋ ዘነቡ። እጅ ካልሽ እጅ የእሷ ነው። ቤታችን ውስጥ የሚያቦካው፣ የሚያማስለው፣ የሚያቀርበው ማን ነው? አስካለ ሱቅ ትውላለች። ዛሬውኑ ዕቃዋን ጠቅልላ ትወጣለች።

ሐመልማል፦ እትዬ ዘነቡ እናንተ ቤት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እኔን ትምህርት ቤት ስሄድ ጸጉሬን የምትሠራኝ እሷ ነበረች።

ጓንጉል፦ አሥራ አንድ ዓመት ስትመርዘን ኖራለቻ።

ሐመልማል፦ አሳማ የት አግኝታ ቀመሰች? የምታውቀው መንገድ ሁለት ነው፤ ወደ ገበያና ወደ ቤተ ክርስቲያን። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሥጋ የምትበላው በፋሲካ ነው፣ እሱም በዓል ነው ብላ በግድ ነው።

ጓንጉል፦ የሰው ውስጡ አይታወቅም።

ሐመልማል፦ እኔ ለዚህ ሥራ ነው ደሞዝ የምበላው። ይታወቃል።

ጓንጉል፦ ቀልዱን ተይ። ከእሷ ሌላ ማን አለ?

ሐመልማል፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲሉ ሰምቻለሁ።

ጓንጉል፦ አህያው ማን ነው?

ሐመልማል፦ እሱን ነው የማስበው። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ወረቀቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው አይደል?

ጓንጉል፦ ነው።

ሐመልማል፦ ሐኪሙ ገና አላነጋገረዎትም። ከሰዓት ከእትዬ አስካለ ጋር ነው የቀጠራችሁ። እኔም ምንም አልነገርኩዎትም ነበር። አሳማ የሚል እንዳለበት ማን ነገረዎት?

ጓንጉል፦ አነበብኩታ።

ሐመልማል፦ የራስ ምታት ክኒን ሲገዙ ማሸጊያውን የማነብልዎት እኔ ነኝ።

ጓንጉል፦ ይቺን አንዲቷን ቃል አውቃታለሁ። ይቺት፣ ፖርክ ትላለች። ካምፕ ውስጥ በየካርቶኑ ላይ ናት። አራት ዓመት በውጭ አገር ሰዎች የመንገድ ሥራ ካምፕ ስቶር ጠባቂ ሆኜ አንዲት ቃል ባውቅ ምን ይገርማል? የሚገባው የሚወጣው ዕቃ በእኔ እጅ ነው።

ሐመልማል፦ በእጅዎ።

ጓንጉል፦ በእጄ ማለት በኃላፊነቴ።

ሐመልማል፦ ገባኝ። ጥሬ ሥጋ ከተዉ ስንት ዓመት ሆነዎት?

ጓንጉል፦ ይህን አርቴፊሻል ጥርስ ካስገባሁ ጀምሮ ነው። ስድስት ዓመት። አሁን ጥሬ ሥጋ ይቅርና ደረቅ ዳቦም ሳልነክር አልበላ። ደግሞ ይህ ከምን መጣ?

ሐመልማል፦ ያኔ እኛ ቤት ተኝተው ኮሶ ጠጥተው ነበር። እናቴ ናት የሰጠችዎት። ጠራልኝ ብለው ዶሮ አሳረዱ፤ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ።

ጓንጉል፦ ጠርቶልኝ ነበር። እንዴት ያለ ኮሶ ነበር።

ሐመልማል፦ አሁን ያለብዎት ከየት መጣ ታዲያ?

ጓንጉል፦ የቱ?

ሐመልማል፦ ቅድም እኔም አለብኝ ያሉት። ስድስት ዓመት ጥሬ ሥጋ ያልበላ ሰው አዲስ ኮሶ ከየት ያመጣል?

ጓንጉል፦ አሮጌው ተርፎ ይሆናላ። አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ ያለሁት? አጎትሽ እኮ ነኝ። በዚህ እጄ ጎርሰሽ ነው ያደግሽው።

ሐመልማል፦ ባለፈው ፋሲካም አጉርሰውኛል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ሦስት አደረጉት። ውጤቱ ከወጣ ከማክሰኞ ጀምሮ እሷን ሦስት ጉርሻ ነው የማስባት። እህል አልወርድ ብሎኛል።

ጓንጉል፦ ምን ማለትሽ ነው?

ሐመልማል፦ ስንዱን የሚያጎርሳት ማን ነው?

ጓንጉል፦ እኔ ነኛ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ስመጣ ከእኔ እጅ ካልሆነ አትበላም። ትንሽ ሆና የለመደችው ነው። ከታመመች ወዲህማ እናቷ ብትለምናት፣ ዘነቡ ብትለምናት እንቢ ነው። እኔ ስገባ ትነሣለች። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባል የለ፣ የእኔን ፊት ስታይ ነው የምትበላው።

ሐመልማል፦ ፊትዎስ ምንም የለበትም፣ ጋሼ።

ጓንጉል፦ ምን አልሽ?

ሐመልማል፦ ፊትዎ ንጹሕ ነው አልኩ።

ጓንጉል፦ በሩ ተዘግቷል?

ሐመልማል፦ እርስዎ ነዎት የዘጉት።

ጓንጉል፦ ድምፅሽንም ዝቅ አድርጊው።

ሐመልማል፦ ከፍ አላደረግኩትም።

ጓንጉል፦ ስቶር ጠባቂ አይደለሁም።

ሐመልማል፦ ምን ነዎት?

ጓንጉል፦ ምግብ አብሳይ። ሲቀጥሩኝ እውነትም ለስቶር ነበር። የፊተኛው አብሳይ ትቷቸው ሄደ፤ አንድ ቀን ሽንኩርት ስከትፍ አዩኝና እጅህ ጥሩ ነው ብለው አስገቡኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ነው። አስካለ እስከ ዛሬ ካርቶን ስቆጥር የምውል ይመስላታል።

ሐመልማል፦ ማብሰል ነውር አይደለም።

ጓንጉል፦ የሚበስለውን ብታዪ እንዲህ አትዪም። እዚያው ካምፑ ጀርባ ያረቡታል። ሲለቁት የሠራተኛው ሽንት ቤት ሥር ነው የሚውለው። ምን እንደሚበላ በዓይኔ አያለሁ፤ ከዚያ አርደው ያመጡልኛል። መጀመሪያ ሰሞን አፍንጫዬን በጨርቅ አስሬ ነበር የምሠራው። ማታ ማታ ቆዳዬን በአመድ እፈትግ ነበር። በኋላ ጨርቁን ተውኩት፣ ቀጥሎ አመዱን ተውኩት። ሰው ይለምዳል። ከሁሉ የሚያስጠላው እሱ ነው፣ መልመዱ።

ሐመልማል፦ በሉት?

ጓንጉል፦ አንድም ቀን በሳሕን አቅርቤ አልበላሁም። በማንም ልማልልሽ እችላለሁ።

ሐመልማል፦ አይማሉ። ቀመሱት?

ጓንጉል፦ ሳይቀምስ የሚያበስል አለ?

ሐመልማል፦ በስሎ ነው የሚቀምሱት?

ጓንጉል፦ ወጥ ነገሩን በስሎ ነው።

ሐመልማል፦ ሌላውንስ?

ጓንጉል፦ ሌላው... ሥጋውን አድቅቀው፣ ከቅጠል ጋር አሽተው፣ በሊጥ የሚጠቀልሉት አለ። ሳምቡሳ ነገር ነው። አንዴ ከተጠቀለለ ጨው አይጨመርበትም። ስለዚህ ጨዉ የሚታየው ጥሬውን ነው። በጣት ጫፍ፣ ይህችን ታህል። እቀምስና እተፋለሁ።

ሐመልማል፦ ሁሉንም ይተፋሉ?

ጓንጉል፦ መጀመሪያ ሰሞን ሁሉንም።

ሐመልማል፦ በኋላስ?

ጓንጉል፦ የጣፈጠውን ምላስ አይመልስም።

ሐመልማል፦ ይጣፍጣል?

ጓንጉል፦ እሱን አትጠይቂኝ።

ሐመልማል፦ አልጠይቅዎትም። ከዚያ ኮሶ መጣ።

ጓንጉል፦ ከዚያ እንደ ጥብጣብ የተቆራረጠ ነገር አየሁ፣ ነጭ። የማውቀው ነገር ነው፤ ኮሶ ነው አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስም አለኝ። ጥርሴ ካለቀ ወዲህ ሥጋ እንደሚበላ ሰው ቆጠርኩት ራሴን። ሾፌሮቹ ጋ ተቀምጬ እኔም አለብኝ እያልኩ አወራ ነበር።

ሐመልማል፦ እጅዎን ይታጠቡ ነበር?

ጓንጉል፦ ካምፕ ውስጥ ሳትታጠቢ ወጥ ቤት አትገቢም። አንድ ሰውዬ በር ላይ ሳሙና ይዞ ይቆማል። ጥፍር ሳይቀር ያያል። እንዲህ አገላብጦ።

ሐመልማል፦ ቤትዎ ሲመጡስ?

ጓንጉል፦ ቤቴ ስገባ ማን ጥፍሬን ያየኛል? ቤቴ ነው። ዘነቡ ማስታጠቢያ ታመጣለች፣ ውሃ ጠብ ጠብ ታደርግልኛለች፣ እቀርባለሁ።

ሐመልማል፦ ሳሙናስ?

ጓንጉል፦ ውሃ ብቻ።

ሐመልማል፦ ለባዕዱ በሳሙና፣ ለስንዱ በውሃ ብቻ።

ጓንጉል፦ እንዲህ አድርገሽ አትዪው።

ሐመልማል፦ እንዴት አድርጌ ልበለው?

ጓንጉል፦ እኔ ነኝ እንግዲህ። እኔ ነኝ ያበላኋት።

ሐመልማል፦ እኔ አላልኩም። የሚለው ላቦራቶሪ ነው። ሐኪሙ የቤታችሁ ሰው ሁሉ ይመርመር ብሎ አዟል። ይኸው የዓይነ ምድር መቀበያ ዕቃዎቹ፤ አራት ናቸው። ለእርስዎ፣ ለእትዬ አስካለ፣ ለእትዬ ዘነቡ፣ ለስንዱ።

ጓንጉል፦ በዚህ ውስጥ?

ሐመልማል፦ በዚህ ውስጥ።

ጓንጉል፦ ክዳኑ ደግሞ ማንኪያ አለው። የእህቴ ልጅ ማንኪያ ያለው ዕቃ ሰጥታኝ... ዕድሜ ሲረዝም የማይታይ የለም።

ሐመልማል፦ እኔም አልወደድኩትም።

ጓንጉል፦ እሺ። እሰጥሻለሁ። አሁኑኑ እሰጥሻለሁ። አንዲት ነገር ብቻ አድርጊልኝ።

ሐመልማል፦ ምን?

ጓንጉል፦ የእኔ ዕቃ ላይ የዘነቡን ስም ጻፊበት።

ሐመልማል፦ አልሰማሁም።

ጓንጉል፦ ሰምተሻል። የእሷ ላይ የእኔን፣ የእኔ ላይ የእሷን። ማንም አይጎዳም። እሷ ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ማን ያማታል? ተገኘባት ይባላል፣ ክኒን ትውጣለች፣ አለቀ። እኔ ግን ምን እንደሚጠብቀኝ ታውቂያለሽ። አስካለ የበላሁበትን ድስት ከግቢ አውጥታ ትሰብራለች። የነፍስ አባቴ ፊት በምን አፌ እቆማለሁ? ማኅበሩስ ጽዋ ያቀብለኛል?

ሐመልማል፦ ቅድም ከቤት ሊያስወጧት አልነበረም?

ጓንጉል፦ ትቀመጥ። ማን ያስወጣታል? እንዲያውም ልብስ እገዛላታለሁ።

ሐመልማል፦ ለነውርዎ ማስቀመጫ። እርስዎ ያልሆኑትን ስቶር ጠባቂ እሷን ሊያደርጓት ነው።

ጓንጉል፦ አፍሽን አትሳይብኝ። እኔ ነኝ ያሳደግኩሽ።

ሐመልማል፦ ስላሳደጉኝ ነው ተቀምጬ የምሰማዎት። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሲለኝ ወጥቼ ነበር። ጋሼ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ያ ምስል ሲያስጠላኝ ነው የሰነበተው። አሁን አላስጠላኝም። ትሉ የት እንደገባ አያውቅም። እርስዎ ያውቃሉ።

ጓንጉል፦ ይህን ያህል?

ሐመልማል፦ ይህን ያህል።

ጓንጉል፦ እናትሽ ብትሆን ታደርግልኝ ነበር።

ሐመልማል፦ ታደርግልዎት ይሆናል። እስቲ እንዳደረግኩት ይቁጠሩት። በእትዬ ዘነቡ ስም ጻፍኩ። ውጤቱ በእሷ ስም መጣ፣ መድኃኒቱም በእሷ ስም። እሷ የሌለባትን ትል ክኒን ዋጠች። የእርስዎ ሆድ ውስጥ ያለው ተመችቶት ተቀመጠ። ስንዱ ታክማ ስትወጣ ቤት ምሳ ቀረበ።

ጓንጉል፦ ክኒኑን ከዘነቡ ላይ እቀበላታለሁ። በምስጢር እውጠዋለሁ።

ሐመልማል፦ ጭንቅላትዎ ሳይታይ?

ጓንጉል፦ የእኔ ጭንቅላት ምን ሆነ?

ሐመልማል፦ በዚያው እጅ እርስዎስ አይበሉም? እንቁላሉ የባለቤቱን አፍ አይፈራም። እርስዎም ጭንቅላትዎን ሳይነሡ ያንን ክኒን መዋጥ የለብዎትም፤ ለስንዱ ያልኩት ለእርስዎም ነው። ታዲያ ማሽኑ ውስጥ ማንን ላስተኛ? እትዬ ዘነቡን?

ጓንጉል፦ በእኔም ራስ ውስጥ ሊኖር ይችላል?

ሐመልማል፦ አላውቅም። ሳይታይ አይታወቅም።

ጓንጉል፦ አንዳንዴ እዚህ ጋ ያመኛል። ከጢስ ነው እያልኩ ነበር።

ሐመልማል፦ ከጢስም ሊሆን ይችላል።

ጓንጉል፦ ስንዱ የምታውቀው ነገር አለ?

ሐመልማል፦ የለም። ማሽኑ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ሐኪሙ ቅጹን ሲሞላ፣ ቤታችሁ ውስጥ አሳማ የሚበላ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

ጓንጉል፦ ምን አለችው?

ሐመልማል፦ አባቴ ወንጌል ሲነበብ እሪያ የሚለው ቦታ ላይ ሲደረስ እንኳ ፊቱን ያዞራል አለችው። ኮርታ ነው ያለችው።

ጓንጉል፦ እንዲህ አለች?

ሐመልማል፦ ሐኪሙም የለም ብሎ ጻፈ።

ጓንጉል፦ የማዞረው እኮ ካህኑ እንዳያዩኝ ነው።

ሐመልማል፦ እስክሪብቶው ይኸው። ዕቃውም ይኸው። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ እቆማለሁ፤ የፈለጉትን ስም ይጻፉበት። የጻፉትን አልለውጥም።

ጓንጉል፦ አትዙሪ። እስክሪብቶሽን በዚህ እጄ አልነካውም፤ አንቺ ጻፊው። ጓንጉል ብቻ አትበዪ፣ ጓንጉል ይመር ብለሽ ሙሉውን አድርጊው፤ አለዚያ ስማችን የሚመሳሰል ሌላ ሰው ይታማበታል።